ለዱድል ማን ዋስ ቆመ?

አሜሪካ ውስጥ ዱድል የሚባለውን የፑድልና የሌላ ዘር ክልስ ቡችላ የሚሸጥ ሰው ለገዢው ሦስት ነገር ይምልለታል። ውሻው አድጎ ከ25 ፓውንድ አያልፍም። ከሁለት ዘር የተዳቀለ ስለሆነ በሽታ አይደፍረውም። 15 ዓመት ይኖራል። ልጆቿ ቡችላውን አቅፈው «እማዬ በናትሽ» እያሏት ይህን የሰማች እናት ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዶላር ቆጥራ ብትሰጥ አይፈረድባትም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው የኛ ሰውም ከዚህ ገበያ አልቀረም። ውሻ ማለት ግቢ የሚጠብቅ፣ ደጅ የሚያድር ነው ተብሎ ያደገ አባወራ ዛሬ ጎልደንዱድሉን ሶፋ ላይ አስተኝቶ ዜና ያያል። ለምን ይህን መረጥክ ሲሉት መልሱ አጭር ነው፦ «ክልስ ነዋ! ክልስ አይታመምም።» ሐሳቡን ከአገር ቤት ይዞት የመጣም ይመስለኛል፤ አዲስ አበባም የጀርመን ሼፐርድ ደም አለበት የተባለ ጠባቂ ውሻ ዋጋው የሚወጣው ክልስ ተብሎ ነው።

ዱድል ደስ የሚል ውሻ ነው፤ ከውሻው ጋር ጠብ የለኝም። የምከራከረው «ክልስ ስለሆነ» ከምትለዋ ምክንያት ጋር ነው። መዳቀሉ ብቻውን ግዝፈት አይወስንም፣ ከበሽታ አይከልልም፣ ዕድሜም አይጨምርም። እነዚህን የሚወስኑት ቡችላውን የወለዱት ሁለት ውሾችና የሚያድግበት ቤት ናቸው። ሻጩ ግን የሚያስከፍለው ለመዳቀሉ ነው፤ ስለ ወላጆቹ ሲጠየቅ ፎቶ ያሳያል።

አጀማመሩን እንይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ለዐይነ ስውራን መሪ ውሻ ለሚያሠለጥን አንድ የአውስትራሊያ ማኅበር ከሃዋይ ጥያቄ ደረሰው። ዐይኗ የማያይ ሴት መሪ ውሻ ትፈልጋለች፤ ባሏ ደግሞ የውሻ ፀጉር አለርጂ አለበት። የማኅበሩ የእርባታ ኃላፊ ዋሊ ኮንሮን 33 ፑድሎችን ሞከረ፤ ለሥራው የሚሆን አንድም አልወጣም። ቢቸግረው ላብራዶርን ከፑድል አዳቀለ፤ ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። ፀጉራቸውና ምራቃቸው ወደ ሃዋይ ተልኮ ሲሞከር ሰውየውን ያልቀሰቀሰበት የአንዱ ብቻ ሆነ። ስሙን ሱልጣን አሉት። ቡችሎቹን ደግሞ፣ ቡችላ ለማሳደግ ተራ ከሚጠብቁት ቤተሰቦች አንድም የሚቀበል አልተገኘም፤ ክልስ አንፈልግም አሉ። ኮንሮን «ላብራዱድል» የሚል ስም ሲያወጣላቸው ግን የማኅበሩ ስልክ ፋታ አጣ። ሰውየው ከዓመታት በኋላ፣ በ2019 ለአውስትራሊያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሲናገር፣ በሥራው መጸጸቱን አልደበቀም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሰዎች የሚያስታውሱት ሱልጣንን ነው። እኔ የማስታውሰው ሁለቱን ወንድሞቹን ነው። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ሆድ፤ ውሻው የተዳቀለበት ዋናው ጉዳይ ግን ለአንዱ ብቻ ደረሰው። የአለርጂው ተስፋ ዛሬም ከዚያ አላለፈም። በ2012 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የውሻ አለርጂ የሚያመጣውን ፕሮቲን ሲለኩ፣ አለርጂ አያስነሡም በሚባሉት በፑድልና በላብራዱድል ፀጉር ላይ ያገኙት ከሌሎቹ ውሾች የበለጠ ነበር። ይህን ካልኩ ስለ አለርጂ ይበቃኛል፤ ወደ ጤናው ልለፍ።

«ክልስ አይታመምም» የሚለው አባባል ከባዶ አልመጣም። የዲቃላ ብርታት የሚባል ነገር በእርግጥ አለ፤ የኢትዮጵያ ገበሬ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1993 የወጣውን ቢኤች 660 የተባለ ዲቃላ በቆሎ የዘራ ሰው ምርቱ ሲትረፈረፍ አይቷል። ግን ደግሞ ከዚያው ምርት ቀንሶ ለከርሞ ዘር ቢያደርገው ማሳው እንደሚከዳው ያውቃል፤ ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ምርጥ ዘር ይገዛል። ብርታቱ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ ያ ትውልድ እርስ በርሱ ሲራባ ትርፉ በግማሽ ይወርዳል። ለዚያውም የበቆሎው ወላጆች ለብዙ ትውልድ ተጣርተው፣ ከማን ጋር ቢዳቀሉ ምን እንደሚሰጡ ማሳ ላይ ተፈትነው ነው። ጎልደን ሪትሪቨሯን ከጎረቤት ፑድል ጋር ያገናኘ ሰው ከዚህ ሁሉ የሠራው ማዳቀሉን ብቻ ነው።

የዱድል ገበያ ደግሞ ከገበሬው ተቃራኒ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ትውልድ፣ አርቢዎቹ ኤፍ ዋን የሚሉት፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ጥቅልሉም አያስተማምንም ተብሎ ዋጋው ዝቅ ይላል። የሚወደደው ኤፍ ዋን ቢ ነው፤ ይኸውም ክልሱ ተመልሶ ከፑድል ጋር ተዳቅሎ የሚወለደው፣ ሦስት አራተኛው ፑድል የሆነው ነው። ገዢው በአንድ በኩል የዲቃላ ብርታት አለው ይባላል፣ በሌላ በኩል ብርታቱ የተቀነሰበትን አስበልጦ ይከፍላል። ቤተዝዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የኢሌን ኦስትራንደር ቡድን በ2020 የአውስትራሊያን ላብራዱድል ዘረመል ሲመረምር ያገኘው ከግማሽ በጣም የሚበልጠው ፑድል መሆኑን ነው። ለትውልዶች ፀጉር ሲመረጥ ላብራዶሩ ቀስ በቀስ ከውሻው ወጥቷል።

መዳቀል ከበሽታ የሚያድነውም በአንድ ሁኔታ ነው፦ በሽታው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ የሚገለጥ ዓይነት ሆኖ፣ ሁለቱ ዘሮች ያንኑ ጉድለት ካልተጋሩ። ቀስ በቀስ ዐይን የሚያጠፋ አንድ የሬቲና በሽታ አለ፤ ዘረመሉ በትንንሾቹ ፑድሎችም፣ በኮከር ስፓኒየልም፣ በላብራዶርም ውስጥ ይገኛል። የኮከርና የፑድል ልጅ የሆነው ኮካፑ በየትኛው ክልስነቱ ሊያመልጠው ነው? የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ደግሞ ይብሳል። የብዙ ዘረመሎች፣ የአመጋገብና የክብደት ድምር ነው፤ ጎልደንም፣ ላብራዶርም፣ በርኒዝም፣ ትልቁ ፑድልም ያውቁታል። ዳሌዋ ከላላ እናትና ዳሌው ከላላ አባት ጥብቅ ዳሌ ይወለዳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

በ2024 የእንግሊዝ ሮያል ቬተሪነሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ነገሩን ፊት ለፊት ፈተኑት። ከ9,402 ውሾች ባለቤቶች መረጃ ሰበሰቡ። ኮካፑን፣ ላብራዱድልንና ካቫፑ የተባለውን ሌላ የፑድል ክልስ እያንዳንዳቸውን ከሁለቱ የወላጅ ዘሮቻቸው ጋር አነጻጸሩ፤ የሚነጻጸሩት በሽታዎች 57 ስለነበሩ ጠቅላላው 342 ንጽጽር ሆነ። በ86.6 በመቶው ልዩነት አልተገኘም። በ7 በመቶው ክልሱ ለበሽታ የበለጠ ተጋልጦ ተገኘ፣ በ6.4 በመቶው ደግሞ ያነሰ። እነዚህን ቁጥሮች አስተያይቶ ከበሽታ የሚከልል ነገር አገኘሁ የሚል ሰው ካለ ያሳየኝ። በዚያው ልክ «ዱድል በሽተኛ ነው» የሚሉት የንጹሕ ዘር ሻጮችም እዚህ ጥናት ውስጥ የሚደሰቱበት አያገኙም።

ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ልስጥ። በ2018 የታተመና ከ100 ሺህ በላይ ውሾችን የመረመረ ጥናት፣ በተለመዱት የውርስ በሽታዎች በዘረመል ደረጃ የመጠቃት ዕድል በንጹሕ ዘሮች 2.7 እጥፍ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ 24 የውርስ በሽታዎችን ሲያጣራ አሥሩ በንጹሕ ዘሮች ላይ በዝተው ተገኝተዋል። ይህ እውነት ነው፤ በጠባብ ዝምድና ውስጥ ሲራባ የኖረ ዘር ዋጋ ይከፍላል። ነገር ግን ያው የዴቪስ ጥናት በ13ቱ በሽታዎች ልዩነት አላገኘም፤ የጉልበት ጅማት መበጠስ ደግሞ ጭራሽ በክልሶች ላይ በዝቶ ነው የተገኘው። የ2018ቱም ሌላ ነገር ይናገራል፦ ክልሶች ሳይታመሙ ጉድለቱን ተሸክመው የመገኘት ዕድላቸው ከንጹሖቹ ይበልጣል። የተሸከመው ራሱ ጤነኛ ነው። ሁለት ተሸካሚ ኤፍ ዋን ያገናኘ አርቢ ግን የመጀመሪያው መዳቀል የደበቀውን በልጆቻቸው ላይ ሊያወጣው ይችላል። ምርመራ ያላደረገ አርቢ ይህ መሆኑን የሚያውቀው ገዢው ሲደውልለት ነው።

አሁን ግዝፈቱ። በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሻጩ በልበ ሙሉነት የሚናገረው ቁጥር ስለሆነና ለማጣራት እርሳስ ብቻ ስለሚያስፈልግ።

«ሚኒ» የተባለው ጎልደንዱድል እናቱ ጎልደን፣ አባቱ ሚኒየቸር ፑድል ነው። ሴት ጎልደን ከ55 እስከ 65 ፓውንድ ትመዝናለች፤ ሚኒየቸር ፑድል ከ10 እስከ 15። የስልሳና የአሥራ ሁለት አማካይ 36 ፓውንድ ነው፤ 16 ኪሎ ግድም። ከ25 በጣም ይበልጣል። ሃያ አምስት የሚለውን ለማግኘት ያንን ክልስ እንደገና ከሚኒየቸር ፑድል ጋር ማዳቀል ያስፈልጋል፤ አማካዩ ያኔ 24 ይመጣል። አሁን ግን ሌላ ችግር ይነሳል። በመጀመሪያው ትውልድ እያንዳንዱ ቡችላ ከእናቱ የትልቅነቱን፣ ከአባቱ የትንሽነቱን ድርሻ ስለሚወስድ የአንድ ሆድ ልጆች ይቀራረባሉ። በሁለተኛው ትውልድ ግን ክልሱ ወላጅ ለአንዱ ልጁ የጎልደንን ድርሻ፣ ለሌላው የፑድሉን ያድላል። ያው የኦስትራንደር ቡድን በ2007 እንዳሳየው ውሻን ትንሽ ከሚያደርጉት ውስጥ አይጂኤፍ ዋን የተባለው ዘረመል አንዱ ዋነኛ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ብዙ ተገኝተዋል። እነዚህ ሲበተኑ ከአንድ ሆድ 18 ፓውንድ የሚሆንም 38 የሚሆንም ቢወጣ አይገርምም። ስምንት ሳምንት ላይ ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ሁለቱም ቴዲ ቤር ይመስላሉ። ሻጩ በዚያ ዕድሜ የተናገረው 25 አማካይ ነው፤ ቤት የሚገባው ግን አንድ ቡችላ ነው።

ፀጉሩም በዚሁ ሕግ ነው የሚሄደው። ያ ጢምና ቅንድብ ያለው ፊት ከፑድል የሚወረስ አንድ ዘረመል ሥራ ነው። ሁለት ኤፍ ዋን ሲገናኙ ከአራት ቡችሎች አንዱ ግድም ያንን ሳይወርስ ይቀርና ፊቱ እንደ ጎልደን ልሙጥ ይሆናል፤ ጎልደንን በዱድል ዋጋ እንደ መግዛት ነው።

በግዝፈቱ ላይ ብዙ ሰው የማያየው አንድ የውል አንቀጽም አለ። ብዙ የዱድል አርቢዎች ገዢው ቡችላውን በስድስት ወሩ ግድም እንዲያስኮላሽ ወይም እንዲያስመክን ያስፈርማሉ፤ አንዳንዶቹ ሳያስረክቡ በፊት ራሳቸው ያደርጉታል። ሆርሞኑ ቀድሞ ሲቋረጥ የረጃጅሞቹ አጥንቶች ማደጊያ ቶሎ አይዘጋም፤ ውሻው እግሩ ይረዝማል። ከዚህም የከፋው፣ የዴቪስ ተመራማሪዎች በ2020 ክልስ ውሾችን በክብደት ከፋፍለው ሲያጠኑ፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው ከተኮላሹ የመገጣጠሚያ በሽታ እንደሚበዛባቸው አግኝተዋል። እንግዲህ «ትንሽ ይሆናል» ብሎ የሸጠው ያው ሰው ያስፈረመው ውል ውሻውን ያስረዝማል፤ ትልቅ ከወጣ ደግሞ መገጣጠሚያውን ለአደጋ ያጋልጣል። ገዢው ይህን አንቀጽ ለእንስሳት ሐኪሙ ሳያሳይ መፈረም የለበትም።

ዕድሜው ላይ ስንደርስ ክልስነት እንዲያውም ወደ ኋላ ይቀራል። በ2024 በእንግሊዝ የታተመ ሰፊ ጥናት 584,734 ውሾችን ተመልክቶ የንጹሕ ዘሮቹን አማካይ ዕድሜ 12.7 ዓመት፣ የክልሶቹን 12 ዓመት አድርጎታል። ክልስ የተባሉት ሁሉ አንድ ላይ ስለተቆጠሩ ይህ በዱድል ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። «ክልስ ሁልጊዜ ረጅም ይኖራል» የሚለውን ሕግ ግን ያፈርሰዋል። በዚያው ጥናት ንጹሑ ላብራዶር 13.1 ዓመት ኖሯል። እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «የጎረቤቴ ዱድል 15 ዓመት ኖረ» ሊለኝ ይችላል። ኖሮ ይሆናል። 15 ዓመት የኖረ ላብራዶርም ሞልቷል፤ ስለ እሱ ግን ዘሩ ነው ያኖረው የሚል አልሰማሁም።

በውሻ ዓለም ዕድሜን አጥብቆ የሚይዘው የአካል ግዝፈት ነው። በ2013 በ74 ዘሮች ላይ የተሠራ ጥናት በሁለት ኪሎ ክብደት አንድ ወር ግድም ዕድሜ እንደሚቀነስ አስልቷል። በዚህ ስሌት የ30 ኪሎ ውሻ ከ10 ኪሎው በአሥር ወር ያንሳል። ስለዚህ ሻጩ ስለ ግዝፈት ከተሳሳተ ስለ ዕድሜም ተሳስቷል፤ ሁለቱ ተለያይተው አይቆሙም። በርኔዱድል የሚባለው የበርኒዝና የፑድል ክልስ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። በርኒዝ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት የሚኖር፣ በካንሰር ክፉኛ የሚጠቃ ዘር ነው። አንዳንድ ሻጭ ለልጁ 18 ዓመት ይጽፍለታል። 18 ረጅም ዕድሜ ያለው ፑድል የሚደርስበት የላይኛው ጠርዝ ነው፤ ሻጩ ከአባትየው ጠርዙን ወስዶ የእናትየውን ሰርዞታል።

ዕድሜን በእጁ ለመጨመር የሚፈልግ ሰው ግን መንገድ አለው፤ ገንዘብም አያስወጣውም። በ2002 ውጤቱ የታተመ፣ የውሻ ምግብ አምራቹ ፑሪና ራሱ ያሠራው ጥናት አለ። 48 የላብራዶር ቡችሎች፣ ከሰባት ሆድ የተወለዱ፣ በጾታና በክብደት ሁለት ሁለት ሆነው ተጣመሩ። አንዱ የሚበላውን ያህል ይሰጠዋል፤ ጓደኛው ከዚያ 25 በመቶ ተቀንሶ ይቀርብለታል። ምግቡ ያው ነው፣ ቤቱም ያው ነው። እስኪሞቱ ድረስ ተከታተሏቸው። በልክ የበሉት አማካይ ዕድሜ 13 ዓመት ሆነ፣ የሌሎቹ 11.2። የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ነው የያዛቸው። ምግብ የሚሸጥ ድርጅት «ቀንሱ» የሚል ውጤት ሲያወጣ እኔ አምነዋለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ግድም የቀረው ይህ ትርፍ የተገኘው ከሳህን ነው፤ ከመዳቀል ይህን የሚያህል ትርፍ ተለክቶ ሲቀርብ አላየሁም።

ዱድል ላይ ደግሞ ይህን መቆጣጠር ከባድ ነው፤ ፀጉሩ ውፍረቱን ይሸፍናል። ላብራዶር ሲወፍር ከሩቅ ይታያል፤ ዱድል ሲወፍር «እንዴት ደስ ይላል፣ ድብ መሰለ» ይባላል። በዐይን መፍረድ አይቻልም፤ ፀጉሩን በጣት ከፍሎ ጎኑን መዳሰስ ነው። የጎድን አጥንቱ ሳይጫኑት የሚቆጠር ከሆነ ደህና ነው፤ ፈልጎ ማግኘት ካስቸገረ ሳህኑ ይቀነስ። በኛ ቤት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ የወጥ ትራፊ ለውሻ አይሰጥም። ነገሩ የክብደት ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው።

ታዲያ ዱድል አትግዙ እያልኩ ነው? አይደለም። ክፍያው ለሚታይ ነገር ይሁን ነው የምለው። አርቢው «ክልስ ስለሆነ» ሲል የእናትየውን ክብደት በቁጥር ይጠየቅ፤ የአባትየውንም። እናትየው ቀደም ብላ ወልዳ ከሆነ የእነዚያ ቡችሎች የዛሬ ክብደት ይጠየቅ፤ የሻጩን ግምት የሚፈትነው እሱ ነው። የሁለቱም ወላጆች የዐይን፣ የልብና የዘረመል ምርመራ ወረቀት ይቅረብ፤ የቡችላው «ሐኪም አይቶታል» የሚለው ካርድ የክትባትና የትል መድኃኒት እንጂ የውርስ ምርመራ አይደለም። የዳሌውን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ራጁን ተቀብሎ ደረጃ የሚሰጠው ኦኤፍኤ የተባለው ድርጅት የመጨረሻ ማረጋገጫ የሚሰጠው ውሻዋ 24 ወር ከሞላት በኋላ ነው። እናትየው አንድ ዓመት ተኩል ሆኗት ቡችሎቿ ለሽያጭ ከቀረቡ ያ ወረቀት በእጇ ሊኖር አይችልም። የልደት ቀኗን መጠየቅ ብቻ ይበቃል።